አባቴ የሞላው ባዶ ሰማይ

አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላኝ፣ የራሴን እንጀራ የምበላ ሴት ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ በቦሎቄና በበቆሎ የከዋክብት ጦርነት እጫወት ነበር። አሁንም እጫወታለሁ። መሳቅ የፈለገ ከወዲሁ ይሳቅና ይጨርስ፣ ከዚያ ያንብበኝ።

ስሜ ምህረት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች "ስም ያወጣልሽ ሰው ሳያይሽ ነው" ይሉኛል፤ ቁጣዬ ቅርብ ስለሆነ። ያኔ ሴቻ፣ በከተማችን የላይኛው ሰፈር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የቦታ ካርታ እሥል ነበር፣ በኮንትራት። የአንዱ አጥር ከሌላው አጥር የት ላይ እንደሚገናኝ እለካለሁ፣ አሰላለሁ፣ እሥላለሁ። ባለቦታው መጥቶ "ሁለት ሜትር በላሽብኝ" ብሎ ይጮህብኛል፣ ጎረቤቱ ደግሞ በማግስቱ መጥቶ "ሁለት ሜትር ጨመርሽለት" ብሎ ይጮህብኛል። ለራሴ ብዬ የምሥለው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። እሱም መሬት አይደለም፣ ሰማይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታች ሲቀላ ሰፈር በሚገኝ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ አራት ሆነን እየተሰበሰብን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ስንሠራ ኖረናል። አንድ ታላቅ ጦር ከሩቅ ኮከብ ተነሥቶ ኦራ የምትባል አንዲት ትንሽ ዓለም ሊይዝ ይዘምታል። ታላቁ ጦር ሠላሳ ቀይ ቦሎቄ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ የጠፈር መርከብ። ኦራ ያላት አሥራ ሁለት ነጭ ቦሎቄ ብቻ ነው። አንድ መርከብ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር አንድ ፍሬ በቆሎ ይበላል። በቆሎህ ያለቀ እንደሆነ መርከብህ በቆመበት ይቀራል፣ አለቀ። በቆሎውን ማንም እንዳያይብህ በኩባያ ከድነህ ታስቀምጣለህ። ሁለቱ ሲገናኙ በሉዶ ዳይስ ይዋጋሉ፤ መርከቡ የበዛ ዳይሱን ብዙ ጊዜ ይጥላል። በሃያ ዙር ውስጥ አንድ ቀይ ቦሎቄ እንኳ ኦራ ከገባ ቀይ አሸነፈ፤ ካልገባ ነጭ አሸነፈ። የከዋክብቱን ስም ከሐይቃችን ዓሣዎች ነው ያወጣሁት፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ እያልኩ። ይህ ደግሞ የእኔ ሰማይ ስለሆነ ማንንም አላስፈቀድኩም።

ካርታውን የሣልኩት ከላንቴ ሙዝ በሚጫንበት ካርቶን ላይ ነበር። ከታች መሀል ላይ የታላቁ ጦር ሰፈር፣ ከላይ መሀል ላይ ኦራ። በግራ በኩል በሰባት ከዋክብት የሚያልፍ አንድ መንገድ አለ፣ መጨረሻው ላይ አንገት ያልነው ጠባብ መተላለፊያ ይገኛል። በአንገቱ በአንድ ጊዜ ሦስት መርከብ ብቻ ነው የሚያልፈው። የቀኙ ወገን ባዶ ነው። ኮከብ የሌለበት፣ መርከብ የማይሻገረው ባዶ ጠፈር።

የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ምትኩ ክፍሏን ሲመኟት ቆይተዋል። የፑል ጠረጴዛ ሊያስገቡባት ፈልገዋል። "ትልልቅ ሰዎች ሆናችሁ ቦሎቄ ስትቆጥሩ አታፍሩም?" ይሉናል። አንድ ቀን ግን ሴቻ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ ይዘው መጡ። ሻለቃ በላይነህ ከሰሜን በሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን በሠራዊት ስንቅና ትጥቅ ክፍል የጨረሱ፣ አነጋገራቸው ሁሉ ትእዛዝ የሆነ ሰው ናቸው። ቀይ ቦሎቄውን ይዘው ከእኔ ጋር ተጫወቱ። አንገቱ ላይ አሥራ ሁለት መርከቤን አቁሜ ጠበቅኋቸው። ሦስት ሦስት እያሉ መጡ፣ ሦስት ሦስት እያልኩ ጨረስኳቸው። በአሥረኛው ዙር በቆሏቸው አለቀ።

ሻለቃው ኩባያቸውን ደፍተው ተነሡ። "ልጄ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ምኞት ነው" አሉ። "መንገዱ አንድ፣ አንገቱ አንድ። መጨረሻውን አስቀድመሽ ጽፈሽ ነው የጠራሽኝ።"

"ትንሽ ስላሸነፈዎት ነው የተናደዱት" አልኳቸው።

"ትንሽማ ያሸንፋል። ይሄ ግን አላሸነፈም፣ ተደግሶለታል።"

አቶ ምትኩ ዓይናቸው በራ። "እንግዲያው ቅዳሜ ሰው ባለበት ይደገም" አሉ። "ሻለቃ 'ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ፣ የምር ጨዋታ ነው' ካሉ ክፍሏ የእናንተ ናት፣ አልነካትም። የለም ካሉ ግን ሰኞ ፑሉ ይገባል።"

"ይሁን" አልኩ። ካርታውን አስተካክዪ ያለኝን ሁሉ ግን እምቢ አልኩ። ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሰማይ አንድ ጡረተኛ ስለተናገረ አላፈርሰውም። አንድ አንገት ነው፣ አንድ አንገት ይሆናል። ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ካርቶኑ ግን በክረምቱ ዝናብ ከጣሪያው በሚንጠባጠበው ውሃ አብጦ፣ መሀሉ ተሰንጥቆ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በፊት፣ ወር ያህል ቀደም ብዬ፣ ካርታውን በጨርቅ እንዲሠራልኝ ለአባቴ ሰጥቼው ነበር። ጨርቅ ላይ ቦሎቄ አይንሸራተትም። አባቴ አቶ ወንድሙ ዶርዜ የሚኖር ሸማኔ ነው። በካሬ ወረቀት ላይ ሥዬ፣ ኮከቡን በቀይ ክር፣ መንገዱን በሰማያዊ ብዬ ሰጠሁት። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና "ጥለት ነው፣ እሠራዋለሁ" አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። አባቴ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ እንሰቱ ጥግ፣ ከሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ነበር የደረስኩበት። ጨርቁን ከመጠቅለያው ፈታ አድርጎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋልኝ።

ጨርቁን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ አየሁት።

ሁለት መንገድ ነበረው። በግራ ሰባት ከዋክብት፣ በቀኝ ሰባት ከዋክብት። በግራ አንገት፣ በቀኝም አንገት። ግራውን እንዳለ ገልብጦ ቀኙ ላይ ሠርቶታል። ሥራው፣ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ያምር ነበር። ሲያምር ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

"አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ምኑ?"

"ይሄኛው ወገን! እኔ ይሄን አልሣልኩም!"

"አዎ፣ ባዶ ትተሽው ነበር" አለኝ ረጋ ብሎ። "ደክሞሽ መስሎኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ጨረስኩልሽ።"

"ባዶ መሆን ነበረበት! ባዶ ጠፈር ነው! ሆን ብዬ ነው የተውኩት!"

አባቴ ወረቀቱን አየ፣ ጨርቁን አየ፣ እኔን አየኝ። "ልጄ፣ አንድ ወገን ብቻ ያለው ጥለት ማን ለብሶ ያውቃል?"

ይኸውላችሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ግራው የሌለበት ቀኝ ሠርቶ አያውቅም። ለእሱ ባዶ ቦታ ማለት ያላለቀ ሥራ ማለት ነው። የልጁ ስም በክፉ እንዳይነሣ ብሎ ያላለቀ የመሰለውን ጨርሶልኛል። እኔ ያን ጊዜ ይሄ ሁሉ የት ሊታየኝ! ደሜ ፈልቶ ጮህኩበት። አሥራ ሁለት መርከብ ብቻ ነው ያለኝ አልኩት፣ አንድ በር ነበር የምጠብቀው፣ አሁን ሁለት በር ሠራህብኝ፣ በአሥራ ሁለት ሁለት ዳር እንዴት አድርጌ ልያዝ?

"እኔ ሁለቱን ዳር በስንት መወርወሪያ የምሠራ ይመስልሻል?" አለኝ፣ በድሩ መሀል ክር የሚያመላልስባትን እንጨት ከፍ አድርጎ።

መልስ መስሎ አልታየኝም። ስለ ሽመና የሚያወራ መሰለኝ። ጨርቁን ከጉልበቱ ላይ መንጭቄ አጣጠፍኩት። "ቆይ እንጂ፣ ጫፉን አልቋጨሁትም፣ ይተረተራል" እያለ ከኋላዬ ተጣራ። ቆጮ ቀርቦልኝ ነበር፣ አልቀመስኩም። ዞር ብዬም አላየሁት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ዓርብ ከሥራ መልስ ጨርቁን ለደግፌ አሳየሁት። ደግፌ ከአራታችን አንዱ ነው፣ ከሴቻ ሲቀላ ባጃጅ ይሠራል፣ ሲናደድ አማርኛውና ጋሞኛው ይደባለቁበታል። ጨርቁን አይቶ ራሱን ያዘ።

"በዚህ ከተጫወትሽ በአምስተኛው ዙር ትሞቻለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ካርቶኑን በፕላስተር እንለጥፈው። በእሱ ሽማግሌውን እንደገና ታሸንፊዋለሽ።"

"ካሸነፍኩ ደግሞ 'አላልኳችሁም፣ የተደገሰ ነው' ይላሉ።"

"ይበሉ! ቢያንስ ተሸንፈሽ አትዋረጂም።"

ለጠፍነው። በማሸነፍ ክፍሏን እንደማጣት አውቄዋለሁ፣ ግን በሰው ፊት መሸነፍን ፈራሁ። እንዲህ ነው ፍርሃት፣ ቁጡ ሰውንም ይይዛል።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሏ ጢም አለች። አቶ ምትኩ ሰው ጠርተዋል፣ ለኳስ የመጡትም ገብተዋል። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው ካርቶን፣ ከእሱ አጠገብ የተጣጠፈው ጨርቅ። ሻለቃው ተስተካክለው ተቀመጡና ካርቶኑን አይተው ፈገግ አሉ። "ያው ወጥመድ ነው?"

ልመልስ ስል በሩ ላይ አባቴን አየሁት። ጋቢውን ለብሶ፣ ክርና መርፌ በትንሽ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። አልጠራሁትም ነበር። ጫፉ እንዳይተረተርብኝ ነው ከዶርዜ ድረስ የወረደው። ደግፌ "አቶ ወንድሙ፣ ይቀመጡ" ብሎ ወንበር ሰጠው፣ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ሻለቃው በዚህ መሀል ጨርቁን አንሥተው ዘርግተውታል። ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ። "ይሄ ምንድን ነው? ሁለት መንገድ አለው እኮ! ታዲያ እንደነገርኩሽ አርመሻል ማለት ነው?"

አዎ ብል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። አይደለም ብዬ ዝም ብልም ያልቅ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? "አይ፣ እሱ የተበላሸ ነው። ሸማኔው አባቴ ተሳስቶ ነው" አልኩ። አባቴ እዚያው ተቀምጦ።

ሻለቃው ሳቁ። "ሸማኔ ጋቢውን ይሥራ እንጂ የጦር ካርታ ውስጥ ምን አገባው!" ክፍሉ በሙሉ በሳቅ አውካካ። አቶ ምትኩ ጠረጴዛ እየመቱ ሳቁ።

አባቴ አልተቆጣም። ዓይኑን ወደ መርፌው ዝቅ አደረገ፣ ይኸው ነው። ሳቁን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ሻለቃው ያነሡት እኔ ያቀበልኳቸውን ነው።

ካርቶኑን በሁለት እጄ ከጠረጴዛው ላይ ጠርጌ ጣልኩት። ቦሎቄው መሬት ላይ ተበተነ። ጨርቁን ከሻለቃው እጅ ተቀብዬ ዘረጋሁት።

"በዚህ ነው የምንጫወተው" አልኩ።

"ምህረት፣ አበድሽ እንዴ?" አለ ደግፌ።

"አላበድኩም። ሻለቃ፣ ቅድም ተሳስቷል ያልኩትን አንሥቻለሁ። የአባቴ ካርታ ነው። ያበላሸው ነገር የለም።"

ሻለቃው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ። "ሸማኔ የጦር ካርታ ማረም የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከዛሬ ወዲህ" አልኩ። "ይቀመጡ።"

ቦሎቄውን ከመሬት ለቀምን፣ በቆሎው ተቆጥሮ በየኩባያው ገባ። ሻለቃው ሃያውን በግራ፣ አሥሩን በቀኝ አሰለፉ። እኔ አሥራ ሁለቱን ስድስት ስድስት አድርጌ ለሁለት ከፈልኩ። በግራ ስድስት፣ በቀኝ ስድስት። ማንም ሰው የሚያደርገው እሱን ነው።

እስከ ስድስተኛው ዙር ሦስት መርከብ ከግራዬ አለቀ። ዘጠኝ ቀረኝ። ደግፌ ጆሮዬ ሥር "አልነገርኩሽም? አልነገርኩሽም?" እያለ ያቃስታል። ሻለቃው አይቸኩሉም፤ አንድ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ በቆሏቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ። በግራ ሲገፉኝ ከቀኝ አልልክም፣ በቀኝ ሲገፉኝ ከግራ አልልክም፤ ሁለቱም ቦታ ትንሽ ነኝ፣ ሁለቱም ቦታ እሞታለሁ።

ቀና ስል አባቴን አየሁት። ጨርቁን ነው የሚያየው፣ እኔን አይደለም። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሆኖ በትንሹ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሚያደርገውን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሥራውን ሲያይ እጁ እንደዚያ ነው። ያን ጊዜ የሐሙሱ ነገር መጣልኝ። ሁለቱን ዳር በስንት መወርወሪያ የምሠራ ይመስልሻል?

በአንድ! አንድ መወርወሪያ ነው። ግራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ቀኝ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሁለት ቦታ ለመሆን መከፈል የለበትም፣ መመላለስ ነው ያለበት። ጨርቁን እንደ አዲስ አየሁት። አባቴ ሁለቱን ወገን እኩል ስላደረጋቸው ኦራ ልክ መሀል ላይ ነች። ከኦራ ወደ ግራ አንገት ሁለት እርምጃ፣ ወደ ቀኝ አንገትም ሁለት እርምጃ። ሻለቃው ግን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለመዞር እስከ ሰፈራቸው መመለስ አለባቸው።

ዘጠኙን መርከብ ሰበሰብኳቸውና ሁሉንም ወደ ቀኝ ወረወርኩ።

"ግራውን ባዶ ተወችው!" አለ አንዱ።

በቀኝ አንገት የደረሱትን ስድስት ቀዮች ዘጠኝ ሆኜ ገጠምኳቸው። አራቱን ጨረስኩ፣ ሁለቱ ሸሹ። ወዲያው ወደ ኦራ፣ ከኦራ ወደ ግራ። ሻለቃው በግራ አንገት ሦስት ሲያስገቡ እኔ ሁሉንም ይዤ እዚያ ነኝ። ቀና ብለው አዩኝ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ በኋላ "ልጄ" ማለት ተዉ።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ለኳስ የመጡት ኳሱን ትተው መስኮት ላይ ተንጠለጠሉ። እያንዳንዱ መመላለስ በቆሎ ይበላል፣ ሻለቃውም ይሄን አወቁት። በአሥራ አንደኛው ዙር አንድ መርከብ ብቻ በቀኝ ብቅ አደረጉ። ደንግጬ አንዱን ላክሁበት፣ ወዲያው አፈገፈጉ። ለማስሮጥ፣ ስንቄን ለማስጨረስ ነበር። የላክሁትን መልሼ ጠራሁት። በቆሎዬ በከንቱ ባከነብኝ። "ወይኔ!" ብዬ ጮህኩ፣ ሻለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ በደግ ሳቅ ሳቁ።

ሃያኛው ዙር ደረሰ። እኔ ሁለት መርከብ ቀርቶኛል፣ ሁለቱም ግራ አንገት ላይ፣ አሁን ተዋግተው የቆሙ። ሻለቃው አንድ ቀይ ቦሎቄ ቀርቷቸዋል። በቀኝ አንገት አልፎ ከኦራ አንድ እርምጃ ላይ ቆሟል። ተራው የእኔ ነው። አንዱን መርከብ ሁለት እርምጃ አምጥቼ ኦራ ላይ ካስቀመጥኩ እንዋጋለን፣ ዳይሱ ይፈርዳል። ለዚያ ሁለት በቆሎ ያስፈልገኛል። ኩባያዬ ውስጥ ስንት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

"ስንት ቀረሽ?" አሉ ሻለቃው።

"አልናገርም። እርስዎስ?"

"እኔም አልናገርም።"

ኩባያዬን አነሣሁት። አንድ ፍሬ በቆሎ። በአሥራ አንደኛው ዙር ካባከንኩት አንዲት ፍሬ ብትተርፈኝ ሁለት ይሞላልኝ ነበር። መርከቤን አንድ እርምጃ አራመድኩ፣ መንገድ ላይ ቆመች። ሻለቃው ቀስ ብለው ኩባያቸውን ገለበጡ። የእሳቸውም አንድ ፍሬ ነበረች። ቀይ ቦሎቄውን አንሥተው ኦራ ላይ አስቀመጡ።

ተሸነፍኩ። በአንድ ፍሬ በቆሎ።

አቶ ምትኩ ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ። "እንግዲህ ተሸንፋለች! ሰኞ ጠዋት ፑሉን እናስገባለን።"

"ስምምነታችን እንዳሸንፍ አልነበረም!" ብዬ ተነሣሁ። "ሻለቃ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ይናገሩ። ጠዋት ሲቀመጡ መጨረሻውን ያውቁት ነበር?"

ሻለቃው ባዶውን ኩባያቸውን በጣታቸው አዞሩት።

"ይህችን በቆሎ እስካወጣ ድረስ አላወቅሁም" አሉ። "የምር ጨዋታ ነው። አቶ ምትኩ፣ ቃል ሰጥተዋል፣ እኔም ምስክር ነኝ። ፑልዎን ሌላ ቦታ ይፈልጉለት።"

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ደግፌ አቅፎ አነሣኝ። እኔ ግን ሻለቃውን ነበር የማየው። ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥጉ ሄዱ፣ አባቴ ፊት ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አቶ ወንድሙ፣ ጠዋት ያልኩትን ይቅር ይበሉኝ። ይሄን ካርታ እንዲህ እንዲሠሩ ማን ነገርዎት?"

አባቴ አፍሮ ተነሣ። "ማንም። ባዶ ነበር፣ ሞላሁት" አላቸው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው መጥቶ፣ ቦሎቄውን በእጁ ጠረግ አድርጎ፣ የጨርቁን ጫፍ መቋጨት ጀመረ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲቋጭ አየው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ክሩን ያዝኩለት። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት "ያዢው፣ አታላይው" አለኝ። ያዝኩት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሻለቃው ልክ ነበሩ፤ የእኔ ሰማይ የተደገሰ ሰማይ ነበር። ትንሿ ዓለም እንድታሸንፍ ስለፈለግሁ ሌላውን በር ሁሉ ዘግቼላት ነበር። ይህን ማመን ከመሸነፉ ይበልጥ ከብዶኛል። ግን ሸማኔ ብለው በሳቁበት ልክ አልነበሩም፣ እሱንም ራሳቸው ተናገሩት። የእኔን ስህተት ያረመው ስህተት የመሰለኝ የአባቴ እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው "ይሄ ያላለቀ ይመስለኛል" ሲለኝ ከመጮኼ በፊት አያለሁ። እሺ፣ ከጮህኩ በኋላም ቢሆን አያለሁ።

ደግሞም "ትልልቅ ሰዎች ሆናችሁ" የሚሏችሁን አትስሟቸው። የምትወዱትን ነገር በሰው ፊት አውጡት፣ ይፈተን። ቢሸነፍም ይሸነፍ። በተለጠፈ ካርቶን አሸንፌ ብወጣ ኖሮ ዛሬ በዚያ ክፍል ፑል ይጫወቱ ነበር፣ እኔም የአባቴን ዓይን ማየት አልችልም ነበር።

ክፍሏ አሁንም የእኛ ናት። ሻለቃው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ነጭ ቦሎቄ ካልተሰጣቸው ያኮርፋሉ። እኔም ሁለተኛ ዘመቻ ሠራሁና አዲሱን ካርታ ይዤ ዶርዜ ወጣሁ። በዚህኛው ላይ በምሥራቅ በኩል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። አባቴ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየ።

"ይሄን ባዶ ልሙላው ወይስ ልተወው?"

"ተወው አባዬ። አሁንስ በደንብ አስቤበታለሁ፣ የምር ባዶ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እሺ" አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄጄ ቆጮዬን በልቼ ጨርቁን ስዘረጋው፣ በዚያ ሁሉ ባዶ ቦታ መሀል፣ አንዲት ቀይ ኮከብ አለች።

"አባዬ!"

መወርወሪያውን ሳያቆም "አንድ ብቻ ነው" አለኝ። "ባዶውን ትቼልሻለሁ።"

ግትርነቴ ከማን እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ። ኮከቧን አላስፈታኋትም። ስሟን ወንድሙ አልኳት፣ እስከዛሬ ድረስ በዚያ በኩል የሚመጣ ጦር ሁሉ እሷን አስቦ ነው የሚመጣው።